ዘመሮ ይሰማል

(ከመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ፤ ከዘመሮ የመጣን ሦስት የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ያሰማነው ንግግር)



ማኅበራችን «ስለምትገቡበት ሥራ ንገሩን» ብሎ ይህን ዕድል ስለሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። የሐኪም ሥራ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ የመሐንዲስም ሥራ እንደዚሁ። እኛ ግን «ጋዜጠኝነት እንማራለን፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን ለመግባት እንዘጋጃለን» ስንል የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «በቴሌቪዥን መቼ እናያችኋለን?» የሚል ነው። አገራችን ዘመሮ ስንሄድ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን «መቼ እናያችኋለን?» አይሉንም። «እዚያ ስትገቡ የኛን ነገር ትናገራላችሁ ወይ?» ይሉናል። ዛሬ የምንናገረው በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አገራችን ጥቂት እንበል። ዘመሮ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንዝ ደጋ ነው፤ ብርዱ የታወቀ ነው። ገበሬው ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ከበጉም ጠጉር ባና ይሠራል። አገሩ ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፤ ሲሄዱበት ግን በወንዝና በገደል የተቆራረጠ ነው፤ እንደ ጀማና እንደ ሞፈር ውኃ ያሉ ወንዞች ሸለቆውን አርቀው ቆፍረውታል። ብዙው ሰው የበልግን ዝናብ ተስፋ አድርጎ ይኖራል። በልጉ ሲቀር፤ ወይም ገብሱ ሊደርስ ሲል ውርጭ ሲመታው፤ ያ ዓመት ለቤተሰቡ ክፉ ዓመት ነው። ይህ ሁሉ ለመንዝ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነገር ሲሆን ማን ይሰማል? ማንስ ይናገራል? የሚል ነው።

ባገራችን የወሬ መንገድ ጥንት በሁለት በኩል ይሄድ ነበር። ከላይ ወደ ታች የሚመጣው በነጋሪት ነበር። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መካከል ቆሞ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ሕዝቡም ይሰማል፤ ወደየቤቱም ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ነበር። መንገደኛ ሲገናኝ «አገር ሰላም ነው? ዝናቡ እንዴት ነው? ገበያው እንዴት ዋለ?» ይባባላል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፤ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ወሬው ይመዘናል፤ ውሸቱም ይጣራል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የተባለው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው።

ራዲዮ ወዳገራችን ሲገባ ከነዚህ ከሁለቱ የወረሰው የትኛውን ነው? ታሪኩን ብንመለከት መልሱን እናገኛለን። የአቃቂው የራዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ወዲያው ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፤ ይኸው ጣቢያ ያገራችንን አቤቱታ ለዓለም ለማሰማት አገለገለ። እቴጌ መነን እ.ኤ.አ. በ1935 ለዓለም ሴቶች በራዲዮ ጥሪ አሰምተዋል። ይህ ልንኰራበት የሚገባ ነው፤ የተበደለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሩቅ ሰው ያሰማበት ጊዜ ነበርና።

ከነጻነት በኋላ ግን ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የነጋሪቱን ቦታ ያዘ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ በተሞከረ ጊዜ ሕዝቡ የአዲሱን አስተዳደር መግለጫ የሰማው በአልጋ ወራሹ ድምፅ ከራዲዮ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱም፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅም ባላገሩ ነገሩን የሰማው ከራዲዮ ነው። የመንግሥት ለውጥ ያለራዲዮ ሆኖ አያውቅም፤ ጣቢያውን የያዘ አገሩን የያዘ ይመስለዋልና። ስለዚህ ያገራችን ገበሬ ባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ራዲዮውን የሚከፍተው «ዛሬ ደግሞ ምን አዘዙ?» ብሎ ነው። ከዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ የራሱ ድምፅ ይወጣል ብሎ አይጠብቅም።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ከመንዝ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ግሼን ተሻግሮ ወሎ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ያገራችን ራዲዮና ቴሌቪዥን ዝም ብለው ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ አገር ሰዎች ታየ። የለንደን ሰው የወሎን ረሃብ ሲያይ የአዲስ አበባ ሰው አላየም። ያገራችን ሕዝብ ያንን ፊልም በቴሌቪዥን ያየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ምሽት ነው፤ ያውም ከቤተ መንግሥት የድግስ ሥዕሎች ጋር ተደባልቆ። በማግሥቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። እንግዲህ ልብ በሉ! ያ ረሃብ አስቀድሞ ተደበቀ፤ በኋላም ለሥልጣን መሣሪያ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ የተራበው ሰው ራሱ አልተናገረም። ሲደብቁትም አልጠየቁትም፤ ሲያሳዩትም አልጠየቁትም።

ከዚያም አሥር ዓመት ሲሞላ ነገሩ ተደገመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ሲከበር በሰሜን ሕዝቡ እየረገፈ ነበር። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና የፊልም አንሺው መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡት ሥዕል ሲታይ ዓለም ተነሣ፤ እርዳታም ጎረፈ። ለነዚያ የውጭ ጋዜጠኞች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የጎረቤታችን ረሃብ በሁለቱም ጊዜ ከባሕር ማዶ በመጣ ሰው መነገሩ ላንድ ያገሩ ጋዜጠኛ የሚያሳፍር አይደለምን? ካሜራና ድምፅ መቅረጫ ባገራችን ነበረ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ራሱ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራ ነበር። የጎደለው መሣሪያ አልነበረም። የጎደለው ወደዚያ እንዲሄድ የተላከ ሰው፤ ከሄደም በኋላ ያየውን እንዲናገር የተፈቀደለት ሰው ነው።

ዛሬስ? ሕጉን ብናነብ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነጻ የመግለጽን መብት ደንግጓል፤ በዚሁ አንቀጽ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንደሚገባው ተጽፏል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ የሕዝብ፤ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ሦስት ዓይነት ጣቢያ እንዲኖር በር ከፈተ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ወጣ። ወረቀቱ መልካም ነው። ወረቀትና ኑሮ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ጋዜጠኞች ታስረዋል። እንዲህ ባለው ወቅት ከቤተሰቡ የራቀ ተማሪ ሁሉ «እናቴ እንዴት ናት? መንገዱ ተከፍቷል ወይ?» ሲል የሚመልስለት አላገኘም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። እውነተኛ ዜና ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ሐሜትና ፍርሃት ይገቡበታል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ዛሬ ጣቢያው በዝቷል፤ ስልክም አለ፤ የዘመሮ ሰው የሚሰማው ምን ቸገረው?» ይሉናል። ጣቢያው መብዛቱ እውነት ነው። በደብረ ብርሃን እንኳ ዛሬ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች አሉ። ነገር ግን የራዲዮን ሞገድ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲያገኝ ይቆማል፤ ገደል ውስጥ ያለውን ቤት አያየውም። መካከለኛው ሞገድ ግን መሬት እየታከከ ይርቃል፤ ሌሊት ደግሞ ከሰማይ እየነጠረ ከቀን ይልቅ ሩቅ ይደርሳል። አጭሩ ሞገድም እንደዚሁ ከላይኛው አየር ላይ እየነጠረ ባሕርና አህጉር ያቋርጣል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የብስራተ ወንጌል ራዲዮ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ እስከወረሰው ድረስ፤ ወደ ብዙ አገሮች ይሰማ የነበረው በዚህ በአጭር ሞገድ ነው። እንግዲህ ከተሜው ጥርት ባለ ኤፍ ኤም ሲደሰት፤ ቴሌቪዥንም በሳተላይት ሳህን ሲገባ፤ ሸለቆ ውስጥ ያለው ገበሬ መብራትና ሳህን ከሌለው ከቀድሞው ይልቅ ሊርቅ ይችላል። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር «ይህ የማንን ቤት ይደርሳል? የማንን ይተዋል?» ብሎ መጠየቅ ከጋዜጠኛ የሚጠበቅ ነው።

ይህን ያህል ስለ መሣሪያው ካልን ዘንድ ስለ ራሳችን ዝግጅት እንናገር። ብዙ ሰው ለራዲዮና ለቴሌቪዥን የሚያስፈልገው ያማረ ድምፅና ያማረ መልክ ይመስለዋል። እኛም ልንማር ስንገባ ይህን የሚሉን ብዙ ነበሩ፤ «አነጋገራችሁ የባላገር ነው፤ እሱን ተዉት» ያሉንም አሉ። ዜና አንባቢ ለሁሉም በሚገባ አማርኛ ማንበብ እንዳለበት እንቀበላለን። ነገር ግን የመንዝ ገበሬ በማይክሮፎን ፊት ሲቆም ራሱን እንዲመስል ልንተወው ይገባል። ንግግሩ እየተቆረጠና እየታረመ የቢሮ ንግግር ከሆነ ድምፁ እንጂ ሰውየው አልቀረበም።

አማርኛን ለጆሮ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንደኛ፤ ባማርኛ ግሡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ያንባቢ ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያይ ይችላል፤ የሰሚ ጆሮ ግን ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ሰሚው ግሡን እየጠበቀ የመጀመሪያውን ይረሳል። እንዲህ ያለ ዜና በየቀኑ እንሰማለን፤ «በወረዳው በተያዘው የበጀት ዓመት በልዩ ልዩ ባለድርሻ አካላት የተቀናጀ ርብርብ የአርሶ አደሩን ተጠቃሚነት ለማረጋገጥ የሚያስችሉ ተግባራት በመከናወን ላይ እንደሚገኙ ተገለጸ።» ማን ገለጸ? ምን ተሠራ? ለማን ደረሰ? ባለድርሻ አካላት የሚባሉትስ እነማን ናቸው? የዘመሮ ገበሬ ይህን ሰምቶ ለጎረቤቱ ምን ብሎ ይነግረዋል? ይኸው ዜና «በዚህ ዓመት ለወረዳው ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ መጣ፤ ይህን ያህል ሰው አገኘ፤ ይህን ያህሉ አላገኘም፤ ዋጋው ይህ ነው» ቢባል ልጅም ይረዳዋል፤ ውሸት ከሆነም ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር የሚወደደው ምናልባት ለዚህ ይሆን? ማንም ሊያጣራው አይችልምና።

ሁለተኛ፤ ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። «ገና ነው» ተብሎ የተጻፈውን አላልቶ ያነበበ ጊዜው አልደረሰም ማለቱ ነው፤ አጥብቆ ያነበበ የልደት በዓል ነው ማለቱ ነው። «አለ» የሚለውም ሲላላ ተናገረ፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ይሰማል» የሚለውን ቃል ብንወስድ «ሰ» ሲላላ ሰውየው ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ የሰውየው ድምፅ ለሌላው ይደርሳል ማለት ነው። ዜና አንባቢ ጽሑፉን አስቀድሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበ በአንዲት ፊደል አገር ያሳስታል።

ሦስተኛ፤ ከውጭ የሚመጣ ዜና ሲተረጎም ዘመኑንና ሰዓቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከፈረንጁ ዘመን በሰባት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ በስምንት ዓመት እንለያለን። ሰዓታችንም በስድስት ይለያል፤ ለፈረንጁ ከምሽቱ ስምንት ሰዓት የሆነው ለኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሰሚው በዘመን ቍጥር ላይ ስሕተት ካገኘብን በሌላው ነገር ላይ አያምነንም።

አራተኛና ዋነኛው መስማትን መማር ነው። ጋዜጠኛ ተናጋሪ ነው ይባላል፤ እኛ ግን በትምህርታችን የተረዳነው የሙያው ግማሽ ዝም ማለት መሆኑን ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በሸገር ኤፍ ኤም መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» በተባለው ዝግጅቷ እንግዳዋን በሰፊው ታጫውታለች። እንግዳው ልጅነቱን፤ ሥራውን፤ ችግሩን በራሱ አማርኛ ይተርካል። ያ ዝግጅት የሚወደደው ጠያቂዋ መስማት ስለምታውቅ ነው እንላለን። እንደዚሁም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው የራዲዮ ድራማ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ኑሮ እያስተማረ ከሰሚዎቹ በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ተቀብሏል። ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው የራሱን ኑሮ በሰማበት ጊዜ ነው። ለአዋጅ ግን ማንም መልስ አይጽፍም።

እዚህ ላይ ለልምምድ በሄድንበት በአንድ ጣቢያ ያየነውን ብንናገር አይከፋም። ስሙን አንጠራም፤ ምክንያቱም ነገሩ የብዙዎች ነው። ጠዋት ስንገባ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ መግለጫዎች ጠረጴዛ ላይ ተከምረው ይጠብቁን ነበር። ሥራችን እነሱን ማሳጠርና ማንበብ ነበር። በወር ውስጥ ድምፅ መቅረጫ ይዘን ከግቢው የወጣነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ለስብሰባ መክፈቻ። ለምን ወደ ገጠር እንደማንሄድ ስንጠይቅ «መኪና የለም፤ አበል የለም፤ ደግሞ ምን ዜና አለ?» አሉን። የመኪናውና የአበሉ ችግር እውነት መሆኑን እናምናለን። ሦስተኛውን ግን አንቀበልም። መንዝ ውስጥ የጓሳ የሣር ምድር በሕዝቡ በራሱ ሕግ ለብዙ ዘመን ሲጠበቅ ኖሯል፤ ከውጭ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጭላዳውን ለማጥናት እዚያው ሰፍረው ብርዱን ታግሰዋል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ከገበሬው ጋር ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ1965 የታወቀውን መጽሐፉን አሳትሟል። ለሩቅ አገር ሰው ዜና የሆነው ለኛ ዜና የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ይህ አይደለምን?

አሁን ደግሞ ጓደኞቻችን የሚያነሡትን ተቃውሞ እንመልከት። «እናንተ ጀማሪ ናችሁ፤ የሚወስነው አዘጋጁና አለቃው ነው፤ እንጀራችሁን ታጣላችሁ» ይሉናል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ወላጆቻችን በግ ሸጠው ነው ያስተማሩን፤ ተመርቀን ስንወጣ ደመወዝ ይጠብቃሉ። ሥራም እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ «አንፈራም» ብለን አንፎክርም። ነገር ግን በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት አለ እንላለን። ያልተፈቀደልንን አለመናገር አንድ ነገር ነው፤ ያላየነውን አይተናል ብለን መናገር ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው አንዳንዴ ከአቅም በላይ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ሁልጊዜ በእጃችን ነው። በልጉ ቀርቶ ሳለ «ምርቱ አመርቂ ነው» ብሎ የሚያነብ ሰው ተገድጄ ነው ቢል እንኳ፤ ዘመሮ ያሉት እናቱ ያንን ድምፅ ያውቁታል። ጎረቤት ተሰብስቦ «ያ ያንቺ ልጅ አይደለም ወይ?» ሲላቸው ምን ይመልሳሉ? የከተማ ጋዜጠኛ ሰሚውን አያውቀውም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። ይህ ሸክም ነው፤ መጠበቂያም ነው።

ሌላም የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ። የገጠሩን ሰው ድምፅ እናምጣ ስንል በግዴለሽነት አይደለም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ስሙን ሳንጠራ «በዚህ ቀበሌ ያለ፤ ሁለት በሬ የሞተበት ሰው» ብንል እንኳ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። በክፉ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሊያስይዝ፤ ከዚያም የባሰ ሊያመጣ ይችላል። ጋዜጠኛው ቀርጾ ይሄዳል፤ ተናጋሪው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከመቅረጻችን በፊት ቃሉ የት እንደሚሰማና ማን እንደሚሰማው ለሰውየው ማስረዳት፤ ቢጠራጠርም «ይቅር» የማለት መብቱን መጠበቅ ግዴታችን ነው። የሴቶችም ነገር እንደዚሁ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚናገረው አባወራው ነው፤ እናት ቡና ታፈላለች። ውኃ የምትቀዳው፤ እህሉን የምትሰፍረው፤ ስንት ቀን እንደሚበቃ የምታውቀው ግን እርሷ ናት። እርሷን ሳይጠይቅ ስለ ረሃብ የሚዘግብ ሰው ግማሹን ብቻ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

ንግግር ብቻ እንዳይሆን ለማኅበራችን አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በየሳምንቱ አንድ ምሽት ተሰብስበን አንድ የዜና ሰዓት አብረን እንስማ። በዚያ ዜና ውስጥ ስንት ባለሥልጣን ተናገረ፤ ስንት ገበሬ፤ ስንት ሠራተኛ፤ ስንት ሴት ተናገረ? ብለን ወረቀት ላይ እንቍጠር። ያለ ቍጥር የሚደረግ ወቀሳ ሐሜት ነው፤ ተቈጥሮ ሲቀርብ ግን ራሳቸው የጣቢያው ሰዎች እንኳ ሊሰሙት ይችላሉ።

ሁለተኛ፤ ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ፤ የጋዜጠኝነት ተማሪ ባይሆንም፤ ከወላጆቹና ከጎረቤቶቹ ፈቃዳቸውን ጠይቆ አንድ ሰዓት ቀርጾ ይምጣ። ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ድምፅ መቅረጫ አለው። ስለ እርሻ፤ ስለ ባና ሥራ፤ ስለ ክፉ ዘመን፤ ስለ ዕርቅ ይናገሩ። ከመንዝ የመጣው የመንዝን፤ ከጎጃም የመጣው የጎጃምን፤ ከወለጋ የመጣውም በራሱ ቋንቋ የወለጋን ያምጣ።

ሦስተኛ፤ የቃል መዝገብ እንጀምር። ገበሬው፤ ሸማኔው፤ አንጥረኛው፤ ነጋዴው ለየሥራው የራሱ ቃል አለው። እኛ የቢሮውን ቃል ስናጠና ያንን እየረሳን ነው። ነገ ማይክሮፎን ፊት ስንቆም ነገሩን በስሙ ለመጥራት ያ መዝገብ ይረዳናል።

አራተኛ፤ ይህችን የማኅበራችንን ጋዜጣ አንድ ገጽ ለ«ከአገር ቤት» ወሬ ትስጥ። ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፤ እህል ስንት እንደተሸጠ፤ መንገዱ መከፈቱንና መዘጋቱን፤ የትምህርት ቤቱን ሁኔታ የሚያውቅ ተማሪ ይጻፍ። የሚጻፈውም ነገር ቢያንስ ሁለት ሰው ያረጋገጠው ይሁን። ታላቅ ጣቢያ እስክንገባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሙያ በትንሽ ወረቀትም ይለመዳል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የማኅበረሰብ ራዲዮ እንዲኖር ፈቅዶ ነበር ብለናል፤ አንድ ቀን በደጋው ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢቋቋም የሚያስፈልጉት ሰዎች ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ የሠለጠኑት ይሆናሉ።

ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ብዙዎቻችን የመጣነው እንደ ዘመሮ ካሉ ቦታዎች ነው። ስማቸው በዜና የሚጠራው መንገድ ሲመረቅ ወይም መከራ ሲወርድ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ መከራም ወርዶ አይጠሩም። እኛ ሦስታችን በሚመጣው ዓመት ከዚህ እንወጣለን። የት ጣቢያ እንደምንገባ፤ ማን እንደሚቀጥረን ገና አናውቅም። የምናውቀው ነገር ቢኖር አባቶቻችን የጠየቁንን ጥያቄ ነው። ዘመሮ እስከ ዛሬ ድረስ ይሰማል፤ «ሰ»ን አላልተን። ነጋሪቱን ሰምቷል፤ የንጉሡን ራዲዮ ሰምቷል፤ የደርግን ሰምቷል፤ ከዚያም ወዲህ የመጣውን ሰምቷል። ከእንግዲህ ወዲህ «ሰ»ን አጥብቀን ማንበብ እንድንችል ሥራው የኛና የናንተ ነው።